ቱቦ የዘጋው ድምፅ፦ ስለ ሰብአዊ እንክብካቤ በፅኑ ሕሙማን ክፍል የነርሲንግ ምርምር ምን ያስተምረናል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል የፅኑ ሕሙማን ክፍል የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስሠራ፣ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በቬንቲሌተር ይተነፍሱ የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር በድንገት መታገል ጀመሩ። ራሳቸውን ከትራሱ ላይ ያወዛውዛሉ፤ እግራቸውን ያንፈራግጣሉ፤ የልብ ምታቸው በደቂቃ ከ130 በላይ ሆኗል፤ የመሣሪያው የማስጠንቀቂያ ደወል አላቋረጠም። ቱቦውን እንዳይነቅሉት ሁለቱም እጆቻቸው በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር ታስረዋል። የደም ግፊታቸውን፣ የኦክስጅን መጠናቸውን፣ የሳንባቸውን ድምፅ መረመርኩ፤ አስጊ ነገር አላገኘሁም። ስለዚህ “ከመሣሪያው ጋር እየታገሉ ነው” ብዬ ዳያዜፓም በደም ሥር እንዲሰጣቸው አዘዝኩ።

ተረኛዋ ነርስ መድኃኒቱን ከመቅዳቷ በፊት “ዶክተር፣ እስቲ አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው” አለች። የቀኝ እጃቸውን ማሰሪያ ፈትታ እስክሪብቶ አስጨበጠቻቸው፤ የአንድ አሮጌ ቅጽ ጀርባም በካርቶን ደግፋ ያዘችላቸው። መጀመሪያ የጻፉት ሊነበብ አልቻለም። በሁለተኛው ሙከራ “ሽን” የሚሉ ሁለት ፊደላት ወጡ። ብርድ ልብሱን ስትገልጥ የሽንት ቱቦው ከጭናቸው ሥር ታጥፎ ተገኘ። ቱቦው ሲስተካከል በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደ 900 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ሽንት ወጣ፤ የልብ ምታቸውም ከ100 በታች ወረደ። ዳያዜፓሙ አላስፈለገም።

ያ መድኃኒት ቢሰጥ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሰውየው ጸጥ ይሉ ነበር። እኔም በካርዳቸው ላይ “ታውከው ነበር፤ የማስተኛ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ተረጋግተዋል” ብዬ እጽፍና ወደ ሌላው አልጋ እሄድ ነበር። ጽሑፉም በአንድ በኩል እውነት ይሆን ነበር።

“ሰብአዊ እንክብካቤ” የሚለው አነጋገር በአገራችን አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተተገበረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራት ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ነገር ግን ርኅራኄን የምናየው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጠባይ ነው። ጠባይ ከሆነ ደግሞ የታደለው አለው፣ ያልታደለው የለውም፤ ሊለኩትም ሊያስተምሩትም ያስቸግራል። ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት በፅኑ ሕሙማን ክፍል የሠሩ ነርስ ተመራማሪዎች የተከተሉት መንገድ ከዚህ ይለያል። ሕመምተኛው የሚሠቃየው በየትኛው ሰዓትና በምን ምክንያት ነው? መናገር ካልቻለ በምን እናውቃለን? ምን ብናደርግ ይቀንሳል? ብለው ጠየቁ፤ መልሱንም እንደ ደም ግፊት በቁጥር ለማግኘት ሞከሩ። እኛ ሐኪሞች ይህን ሥራ በበቂ አናነብበውም። ቢያንስ እኔ አላነበብኩትም ነበር።

መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት

የዛሬው የፅኑ ሕሙማን ክፍል አጀማመር የሚተረከው ከኮፐንሃገን ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በዚያች ከተማ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብሌግዳም የተባለው ሆስፒታል መተንፈስ ባቃታቸው ሕሙማን ተጨናነቀ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የመተንፈስ ችግር ደርሶባቸው ከታከሙት 31 ሕሙማን መካከል 27ቱ ሞቱ። ከዚያም ቢዮርን ኢብሰን የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም ጉሮሮ ተበስቶ በሚገባ ቱቦ አማካይነት አየር በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት ወደ ሳንባ እንዲገባ አደረገ። በቂ መሣሪያ ስላልነበረ ወደ 1,500 የሚሆኑ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተተካኩ፣ ቀንና ሌሊት፣ ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ ራስጌ ተቀምጠው ከረጢቱን ጨመቁ። በአንድ ጊዜ እስከ 70 ሰው በዚህ መልክ ይተነፍስ ነበር። የሟቾቹ ቁጥር ከመቶ 87 ገደማ ወደ 25 ገደማ ወረደ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር አለ። በዚያ ክፍል ማንኛውም ሕመምተኛ ብቻውን አልነበረም። እስትንፋሱን የሚሰጠው ሰው ፊቱን ያያል፤ ዓይኑ ሲፈጥጥ፣ ግንባሩ ሲያልበው ወዲያው ይገነዘባል። ቀጥሎ የመጣው ቬንቲሌተር የእጁን ሥራ ተረከበ፤ ማየቱን ግን ሊረከብ አልቻለም። መሣሪያው ስለ አየር ግፊትና መጠን ብዙ ይነግረናል፤ ስለታጠፈ የሽንት ቱቦ አይነግረንም።

ሥቃይን መቁጠር

ከሁሉ አስቀድሞ በጥልቀት የተጠናው የሕመም ስሜት ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ተመራማሪ የሆኑት ካትሊን ፑንቲሎ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት ጥናት ከፅኑ ሕሙማን ክፍል የወጡ ሰዎችን በማነጋገር የተሠራ ነው። ብዙዎቹ መካከለኛ ወይም ከባድ ሥቃይ እንደነበረባቸው ያስታውሱ ነበር። ቱቦ በአፋቸው ስለነበረ መናገር ያልቻሉት በዓይናቸው፣ በእግራቸው፣ በእጃቸው ምልክት ለመስጠት ሞክረው እንደነበረም ገልጸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ትልቁ ጥናታቸው ደግሞ 6,201 ሕሙማንን ያካተተ ነበር። ስድስት የተለመዱ ሥራዎችን አወዳደሩ፤ ከእነዚህም መካከል የቁስል እጥበት፣ አክታን በሳክሽን መሳብ፣ ከቁስል ፈሳሽ የሚያስወጣ ቱቦን መንቀል ይገኙባቸዋል። ማንኛችንም ብንጠየቅ ከፍተኛውን ቦታ ለቱቦ መንቀል ወይም ለሳክሽን እንሰጥ ነበር። በአዋቂዎች ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ሥቃይ ያደረሰው ግን ሕመምተኛውን ከጎን ወደ ጎን ማገላበጥ ሆኖ ተገኘ፤ ከ10 ወደ 5 የሚጠጋ አማካይ ነጥብ አግኝቷል። ከአዋቂዎቹ ሕሙማን ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከእነዚህ ሥራዎች በፊት ምንም ማስታገሻ አልተሰጣቸውም ነበር።

ይህ ውጤት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ እናስተውል። የአልጋ ቁስልን ለመከላከል ሕመምተኛን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ በየትምህርት ቤቱ የምንማረውና የምናስተምረው ነው፤ ይገባልም። በ24 ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ ይሆናል። ሆዱ የተከፈተ ወይም ጎድኑ የተሰበረ ሰው በቀን 12 ጊዜ ሲገለበጥ፣ በትእዛዝ ወረቀታችን ላይ ያለው “ማስታገሻ፣ ሲያስፈልግ” የሚል ቃል ብቻ ነው። ሲያስፈልግ የሚለውን ማን ይወስናል? “ያስፈልገኛል” ማለት የሚችለው ሰው አፉ ተዘግቷል። ማስታገሻው ከሚገላበጥበት ሰዓት ጋር ተያይዞ፣ መሥራት እንዲጀምር ጊዜ ተሰጥቶት ቢታዘዝ ተጨማሪ ወጪ የለበትም፤ የሰዓት ማስተካከያ ብቻ ነው።

ታዲያ መናገር የማይችለውን ሰው ሥቃይ በምን እንለካዋለን? የልብ ምትና የደም ግፊት መጨመር ሊያመለክት ይችላል፤ ነገር ግን በደም ማነስም፣ በትኩሳትም፣ በመድኃኒትም ስለሚለዋወጥ ብቻውን አያስተማምንም። ካናዳዊቷ ነርስ ተመራማሪ ሴሊን ጄሊና ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 በኩቤክ የልብ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 105 ሕሙማን ላይ የፈተሹት መለኪያ ለዚህ የተዘጋጀ ነው። የሚታዩት ነገሮች አራት ናቸው፦ የፊት ገጽታ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ክንድን በቀስታ በማጠፍና በመዘርጋት የሚታወቅ የጡንቻ ውጥረት፣ እንዲሁም ሕመምተኛው ከቬንቲሌተሩ ጋር ያለው ስምምነት፤ ቱቦ ከሌለው በዚህ ፈንታ ድምፁ ይታያል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 8 ነው። ከ2 በላይ ሲሆን ሥቃይ እንዳለ ይገመታል። ፊቱ የተረጋጋ ሰው 0፣ ቅንድቡን የቋጠረ 1፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ሁሉ ያጨማደደ 2 ያገኛል። ይህን ለማየት አንድ ደቂቃ ይበቃል። አንድ ብርቱ ገደብ ግን አለው፦ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መድኃኒት በተሰጠው ሰው ላይ አይሠራም። ያ ሰው 0 ቢያገኝ ሥቃይ የለበትም ማለት አይደለም፤ ፊቱን መቋጠር አይችልም ማለት ነው።

በሌላ በኩል ማስተኛ መድኃኒትን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ጥናት አለ። 321 ሕሙማን የተሳተፉበት ሲሆን፣ ነርሶች ራሳቸው በጽሑፍ በተሰጣቸው መመሪያ መሠረት መድኃኒቱን እየጨመሩና እየቀነሱ ሲመሩት፣ በቬንቲሌተር ላይ የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 56 ሰዓት ያህል ሆነ። እንደ ተለመደው በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ሲሰጥ 117 ሰዓት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ የፅኑ ሕሙማን ሕክምና ማኅበር መመሪያም ከማስተኛት በፊት ሥቃይን ማስታገስን ያስቀድማል፤ ማስተኛት ካስፈለገም ሰውየው በቀላሉ እንዲነቃ ሆኖ ይሁን ይላል። ሲነቃ ታዲያ የሚለው ነገር ይኖረዋል፤ የሚሰማውስ?

ፊደልና ቅንድብ

በቬንቲሌተር ላይ ቆይተው የዳኑ ሰዎች ከሁሉ የከበደባቸው ምን እንደነበረ ሲጠየቁ፣ መናገር አለመቻላቸውን ደጋግመው ያነሣሉ። አሜሪካዊቷ ነርስ ተመራማሪ ሜሪ ቤት ሃፕ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት 10 ነርሶችና 30 መናገር የማይችሉ ሕሙማን ሲግባቡ በቪዲዮ ቀርጸው ተመለከቱ። ከ100 ንግግሮች 86 ያህሉን የጀመረችው ነርሷ ናት። በጠቅላላው አብዛኛው መግባባት የተሳካ ቢሆንም፣ ስለ ሥቃይ ከተደረጉት ከሦስተኛው እጅ በላይ የሚሆኑት ሳይሳኩ ቀርተዋል። ወረቀትና እስክሪብቶ ወይም የፊደል ሰሌዳ የተጠቀመ የለም ማለት ይቻላል። ይህ በሀብታም አገር፣ ሁሉ በተሟላበት ክፍል የታየ ነው።

በእኛ ክፍል ይህን ሰሌዳ ለመሥራት ስንነሣ ያልጠበቅነው ችግር ገጠመን። በላቲን ፊደል የሚሠሩት ሰሌዳዎች 26 ፊደላት ብቻ አሏቸው። የእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ አንድ ደካማ ሕመምተኛ ከ231 ምልክቶች መካከል በዓይኑ እንዲመርጥ መጠየቅ ቅጣት ነው። ሞክሼዎቹን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ስናወጣ ግን 28 ይቀራሉ፤ ሰባት ሰባት ሆነው በአራት መስመር ይደረደራሉ። ነርሷ መጀመሪያ መስመሩን፣ ቀጥሎ ፊደሉን፣ በመጨረሻ ቤቱን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ትጠራለች። “ውሃ” ለማለት ሦስተኛው መስመር፣ ሁለተኛው ፊደል፣ ሳድስ፤ ከዚያ አንደኛው መስመር፣ አንደኛው ፊደል፣ ራብዕ። ከልምድ እንዳየነው ቤቱን ትቶ ፊደሎቹን ብቻ መምረጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ “ወ” እና “ሀ” ከተገኙ ቀሪውን አንባቢው ይሞላዋል። የፊደል ሊቃውንት ሞክሼዎቹን በማስወጣታችን እንደማይቆጡን ተስፋ አለን።

ከዚህም በላይ ማንበብ የማይችሉ ብዙ ሕሙማን አሉን፤ ለእነርሱ ሥዕል ያስፈልጋል። አፋን ኦሮሞ ለሚጽፉት በቁቤ፣ ለሌሎችም በየቋንቋቸው ሊዘጋጅ ይገባዋል። “አዎ” የሚባልበት ምልክትም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ከውጭ የመጡ መመሪያዎች ራስን መነቅነቅ ወይም የእጅ ጭብጥን ይጠይቃሉ። እኛ አገር ሰው “አዎ” የሚለው ብዙ ጊዜ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ቅንድቡን ከፍ በማድረግ ነው። ትንፋሹ በመሣሪያው ተይዟል፤ ቅንድቡ ግን ነጻ ነው። ይህን ያልተገነዘበ ባለሙያ ሕመምተኛው ደጋግሞ “አዎ” ሲለው “መልስ አይሰጥም” ብሎ ሊጽፍ ይችላል። መነጽሩ ቤት የቀረበትን ሰው “ሰሌዳውን አላየም” ማለትም ከዚህ አይለይም።

ስለ አነጋገርም አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ ሰውን ስናናግር “አንተ”፣ “አንቺ” ወይም “እርስዎ” ከሚሉት አንዱን ሳንመርጥ አንድም ዐረፍተ ነገር መጨረስ አንችልም። በተመላላሽ ክፍል “እንደምን አደሩ አባቴ” የምንላቸው ሰው፣ ቱቦ ገብቶላቸው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ በምን ምክንያት “ገልብጠው”፣ “ይሄኛው”፣ “ሦስት ቁጥር” ይሆናሉ? ከማስተኛ መድኃኒት የነቁ ሰዎች በአልጋቸው አጠገብ ሲነገር የሰሙትን እንደሚያስታውሱ በተለያዩ ጥናቶች ተናግረዋል። ከላይ የጠቀስኳቸው መምህር ቱቦው ከወጣላቸው በኋላ ስለ ሽንታቸው ምንም አላነሡም፤ ያነሡት “አንድ ልጅ ‘አንተ’ ይለኝ ነበር” የሚለውን ነው። ያ ልጅ እኔ እንዳልሆንኩ እርግጠኛ አይደለሁም።

ከበሩ ውጭ

በተለመደው የመኝታ ክፍላችን አስታማሚ ብዙ ነገር ነው። ያጎርሳል፣ ያጥባል፣ ይደግፋል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ሌሊት ጉልኮስ ሲያልቅ ነርስ ይጠራል። ይኸው ሰው ሕመምተኛው ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል በገባበት ቅጽበት በሩ ይዘጋበታል። ከዚያ በኋላ በብዙ ቦታ ስሙ የሚጠራው ሲፈለግ ብቻ ነው፤ የሚፈለገውም የመድኃኒት ማዘዣ ወይም የደም ምርመራ ናሙና ሊሰጠው ነው። በደረጃው ላይ ተቀምጦ የሚውለው ቤተሰብ ከማዘዣው ወረቀት ብዛት የሕመሙን ክብደት ሲገምት ሰምቻለሁ፦ “ዛሬ አልጠሩንም፤ ተሽሎት ይሆናል፤ ወይም ደግሞ...”

ናንሲ ሞልተር የተባሉት አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1979 የ40 ፅኑ ሕሙማንን ቤተሰብ አባላት 45 ፍላጎቶችን ዘርዝረው እንዲመዝኑ ጠየቁ። በዚህ መስክ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ረድፍ የተገኙት ተስፋ እንዳለ ማወቅ፣ ባለሙያዎቹ ለሕመምተኛው እንደሚጨነቁ መሰማት፣ ከሕመምተኛው አጠገብ የመጠበቂያ ቦታ ማግኘት፣ በሁኔታው ላይ ለውጥ ሲኖር ቤት ድረስ መጠራት የመሳሰሉት ነበሩ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። አንድ ወንበርና አንድ ስልክ ይጠይቃሉ።

በሩን የምንዘጋበት ዋናው ምክንያት ኢንፌክሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከጣሊያኗ ፍሎረንስ የወጣ ጥናት ይህን ፈትሾታል። 226 ሕሙማን በነበሩበት ክፍል በየሁለት ወሩ እየተፈራረቀ አንዴ ጥብቅ፣ አንዴ ክፍት የጥየቃ ሰዓት ተደረገ። ክፍት በነበረበት ጊዜ በክፍሉ ዕቃዎች ላይ የተገኙት ጀርሞች በዝተዋል፤ በሕሙማኑ ላይ የታየው ኢንፌክሽን ግን አልጨመረም። ከባድ የልብና የደም ዝውውር ችግር ደግሞ ጥብቅ በሆነው ጊዜ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሰብአዊነትን በጤና አገልግሎቷ የመንግሥት ፖሊሲ ያደረገችው ብራዚል ጉዳዩን በሰፊው ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናቷ በ36 ክፍሎች 1,685 ሕሙማንን ያካተተ ሲሆን፣ ቤተሰብ በቀን እስከ 12 ሰዓት እንዲቆይ በመፍቀድ ዲሊሪየም የሚባለው የአእምሮ መዋለል ይቀንስ እንደሆነ ፈተሸ። አልቀነሰም፤ 18.9 በመቶና 20.1 በመቶ ነበር፤ ልዩነቱም ትርጉም ያለው አልነበረም። ኢንፌክሽኑም ሆነ የባለሙያው መሰላቸት አልጨመረም፤ የቤተሰቡ ጭንቀትና ድባቴ ግን ቀንሷል። ይህን ውጤት ሳልሸፍን የምጠቅሰው፣ ሰብአዊ እንክብካቤን ሁሉን በሽታ እንደሚያድን መድኃኒት አድርጎ መስበክ ኋላ ስለሚያሳፍር ነው። ቤተሰብን ወደ ውስጥ ማስገባት የሚገባው ዲሊሪየምን ስለሚቀንስ ሳይሆን ጉዳት ሳያመጣ የሰውን ጭንቀት ስለሚያቀል ነው፤ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ አልጋዎች ያለ መጋረጃ በተጠጋጉበት፣ እጅ መታጠቢያው በደረቀበት ክፍል የፍሎረንስን ውጤት እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። በተወሰነ ሰዓት፣ እጁን የታጠበ አንድ ሰው ማስገባት ግን ይቻላል።

ሞትም አለ። በባህላችን መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ ነው፤ ሟች ሲያጣጥርም ከአጠገቡ የሚቀመጥ፣ የሚጸልይ ሰው ይኖራል። በፅኑ ሕሙማን ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ቤተሰብ የሚጠራው ሁሉ ካበቃ በኋላ ነው። ነርሶች የመሞቻው ሰዓት መቃረቡን ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ። ያወቀችው ነርስ ሐኪሙን ሳትጠብቅ ቤተሰቡን ለማስገባት ፈቃድ ሊኖራት ይገባል።

ከወጡ በኋላ

ከክፍሉ የሚወጡ ሰዎች ቀኖቹን አያስታውሱም፤ ወይም ያልሆነውን ያስታውሳሉ፦ ታስረው እንደነበረ፣ ሊገድሏቸው የመጡ ሰዎች እንደነበሩ። በሰሜን አውሮፓ የጀመረ አንድ ልማድ አለ። ነርሶችና ቤተሰብ ሕመምተኛው ተኝቶ ሳለ በየቀኑ የሆነውን በተራ ቋንቋ በማስታወሻ ደብተር ይጽፉለታል፤ ሲድን ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአውሮፓ አገሮች በሚገኙ 12 ሆስፒታሎች በ352 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት ደብተር ባገኙት 5 በመቶ፣ ባላገኙት 13 በመቶ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2019 በፈረንሳይ በ35 ክፍሎች 657 ሕሙማንን ያካተተው ጥናት ግን 29.9 በመቶና 34.3 በመቶ አግኝቶ ትርጉም ያለው ልዩነት እንደሌለ ደመደመ። አለካካቸውና ጊዜያቸው የተለያየ በመሆኑ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማነጻጸር አይገባም። ደብተሩ በሽታውን ይከላከላል ብዬ ለማንም ቃል አልገባም። ዋጋው ከአንድ የጉልኮስ ከረጢት ያነሰ ስለሆነ ግን መሞከሩን አልቃወምም።

በጠዋቱ ጉብኝት

በጠዋቱ ጉብኝት ላይ ሐኪሙ የደም ግፊቱን፣ የቬንቲሌተሩን ቁጥር፣ የላቦራቶሪውን ውጤት ይናገራል። የነርሷ መዝገብ በአልጋው ግርጌ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በእኛ ክፍል ያደረግነው ለውጥ ጥቂት ነው፦ ከደም ግፊቱ ቀጥሎ የሥቃዩን ቁጥር ነርሷ ራሷ ትናገራለች፤ ሌሊት ሲገላበጥ ስንት እንደነበረም ትጨምራለች። መጀመሪያ አካባቢ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከሰልፉ ጀርባ ሆነው ይናገሩ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ነርስ “ሌሊት 6 ነበር፤ ሞርፊኑ ግን አልታዘዘም” ብላ አልጋው አጠገብ ስትናገር፣ ትእዛዙን መጻፍ የነበረበት ሐኪም መልስ አጣ። ከዚያ በኋላ ትእዛዞቹ በሰዓት መጻፍ ጀመሩ።

ያልተፈታው ነገር የሰው ቁጥር ነው። አንዲት ነርስ ሌሊት አራት ፅኑ ሕሙማን በምትይዝበት ክፍል፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የሚለው በወረቀት ይቀራል፤ ቁጥሩን መመዝገብም እንዲሁ። አንድን ከባድ ሰው ሥቃይ ሳያበዙ ለማገላበጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ትከሻና ዳሌውን፣ ሌላው ራሱንና ቱቦውን ይይዛል። በሌሊት ሁለተኛዋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ተረኛው ሐኪም የሚያርፍበት ክፍል ከዚያ አሥራ አምስት እርምጃ አይርቅም።